በፊልም የኢትዮጵያ ንጉሥ የነበረው ፈረሰኛ

ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶችና ወላጆች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነው። ዉዲ ስትሮድ ይባላል። ስሙን ከዚህ በፊት የሰማ ብዙ ሰው አይኖርም፤ መልኩን ግን በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሰው ሳያየው አልቀረም። ረጅም፣ ራሱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ደረተ ሰፊ፣ ብዙ የማይናገር ጥቁር ሰው ነው። ቴሬንስ ሂልና ባድ ስፔንሰር አብረው በሚሠሩበት አንድ ፊልም ውስጥ አለ። ጃንጎ እያልን የምንጠራው ፍራንኮ ኔሮ ባለበት ፊልም ውስጥም አለ። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ልጆች «አክተሩ አይሞትም» ይባባሉ ነበር። ይህ ሰው ግን አክተሩ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ የሚሞተው እሱ ነበር። እኔም የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ዋናው ሰው ተብሎ ሳይጠራ፣ ዋናዎቹ ከተረሱ በኋላ የሚታወስ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ከሱ ሕይወት ማየት ይቻላል።

ዓመቶቹን ስጠራ፣ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከኛ ጋር ከሚያገናኘው ልጀምር። በ1956 የወጣውን «አሥርቱ ትእዛዛት» የተባለውን ፊልም በፋሲካ ሰሞን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በመጀመሪያው ክፍል ሙሴ ገና የግብፅ ልዑል ሳለ ኢትዮጵያ ዘምቶ ይመለሳል። የኢትዮጵያን ንጉሥና እህቱን ይዞ ፈርዖን ዙፋን ፊት ይቀርባል። ራምሴስ፣ እነዚህን አንበርክካቸው ይለዋል። ሙሴ ግን በወዳጅነት እንጂ በምርኮ እንዳላመጣቸው ይናገራል። ያ ቀጥ ብሎ የቆመው ንጉሥ ዉዲ ስትሮድ ነው። አለባበሱ ከአክሱምም ከላስታም የመጣ አይደለም፤ የሆሊውድ ልብስ ሰፊ ያሰበው ነው። አቋሙ ግን የንጉሥ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ታይቶ ይወጣል፤ ዓይን ግን ተከትሎት ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያው ፊልም ውስጥ፣ ሙሴን ከወንዝ ያወጣችውን የፈርዖንን ልጅ በቃሬዛ ከሚሸከሙት ሰዎች አንዱም ራሱ ዉዲ ነው። አንድ ሰው በአንድ ፊልም ንጉሥም ተሸካሚም ሆነ። አዘጋጁ ሲሲል ዴሚል ተመልካች አያውቀውም ብሎ ይሁን ወይም የሰውየውን ቁመና ወድዶት፣ ሁለቱንም አሠራው። በዚያ ዘመን ለጥቁር ተዋናይ የነበረው ሥራ በአብዛኛው ሁለተኛው ነበር፤ መሸከም፣ በር መክፈት፣ ጦር ይዞ ከኋላ መቆም። ዉዲ ስትሮድ ዕድሜውን ሙሉ በተሸካሚው ቦታ ቆሞ የንጉሡን አቋም ሲያሳይ ኖረ።

የተወለደው ጁላይ 25 ቀን 1914 ሎስ አንጀለስ ነው። ወላጆቹ ከደቡብ፣ ከኒው ኦርሊየንስ፣ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ዘሩ ከአፍሪካውያንም ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎችም ይመዘዛል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በወጣትነቱ ተዋናይ የመሆን ሐሳብ አልነበረውም፤ ስፖርተኛ ነበር። ሩጫውን፣ ዝላዩን፣ ውርወራውን ሁሉ አንድ ላይ በያዘው የዴካትሎን ውድድር ነበር የሚሠለጥነው።

እሱ የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1935፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረች። ያ ዓመት ለጥቁር አሜሪካውያንም ትልቅ ዓመት ነበር። በየከተማው ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጡ፣ ገንዘብ አዋጡ። ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የሚባል አብራሪ መጥቶ የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆነ። ቡጢኛው ጆ ሉዊስ ኢጣሊያዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በዘረረበት ቀን ሰዉ የሁለት አገር ጦርነት አድርጎ ነው ያየው። በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ደሴ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ ሆስፒታሉም አልተረፈም። እዚህ ያላችሁ አዛውንት ይህን ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁታል። ዉዲ ስትሮድ ያደገው እንግዲህ የጥቁር ሕዝብ ልብ ወደዚህ አገር ባዘነበለበት ዘመን ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በአሜሪካ እግር ኳስ ስሙ ገነነ። ይኸኛው ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ሰው ከሰው የሚጋጭበት ጨዋታ ነው። በ1939 የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። በዚያ ቡድን ውስጥ ዉዲ፣ ኬኒ ዋሽንግተን፣ በኋላ በቤዝቦል ዓለምን ያስደነቀው ጃኪ ሮቢንሰንም ነበሩ። ይሁንና የባለሙያዎቹ ሊግ ከ1934 እስከ 1945 ድረስ አንድም ጥቁር አላሰለፈም። በ1946 ራምስ የተባለው ቡድን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር፣ ስታዲየሙ የሕዝብ ነውና ጥቁር ካላሰለፋችሁ አትጫወቱበትም የሚል ግፊት መጣ። ግፊቱን ካነሡት ዋነኞቹ የጥቁሮች ጋዜጦች ጸሐፊዎች ነበሩ። ቡድኑ ኬኒን አስፈረመ፣ ቀጥሎ ዉዲን። ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል አጥሩን ከማፍረሱ አንድ ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው። ቺካጎ ሲሄዱ ግን ጓደኞቻቸው ያረፉበት ሆቴል ሁለቱን አልቀበልም አለ። ዉዲ 32 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ምርጡ ዕድሜው በወታደር ቤትና ደጅ በመጥናት አልፏል። አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ ተሰናበተ።

ከዚያ ካናዳ ሄዶ በ1948 ከካልጋሪ ቡድን ጋር ዋንጫ በላ። ከዚያም ለዓመታት በነጻ ትግል መድረክ ላይ እንጀራውን ጋገረ። ፊልም የሚሠሩ ሰዎች የጠሩት ተሰጥኦውን ሳይሆን ሰውነቱን ፈልገው ነው። ጫካ ነው፣ ጦር ያዝ፣ ወንበር ተሸከም አሉት። እሱም ሄደ። ሁለት ልጆች ነበሩት፣ የሃዋይ ተወላጅ የሆነች ሚስት ነበረችው፤ ቤት ማስተዳደር ነበረበት።

በዚያው ጊዜ ቴሌቪዥን አሜሪካን ወርሯል። ከ1955 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መግቢያ ድረስ የካውቦይ ተከታታይ ድራማ ያላሳየ ጣቢያ አልነበረም። «ጋንስሞክ» የሚባለው ብቻውን 20 ዓመት ቆየ። «ቦናንዛ»ም 14 ዓመት ሄደ። «ሮሃይድ» ደግሞ ክሊንት ኢስትውድን ለዓለም ያስተዋወቀው የከብት ነጂዎች ድራማ ነው። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ምዕራብ አሜሪካ የነጭ አገር ትመስላለች። እውነቱ ሌላ ነው። የታሪክ ሰዎች ግምት፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከቴክሳስ ከብት ይነዱ ከነበሩት ካውቦዮች ከአራቱ አንዱ ጥቁር ነበር። ከ1866 ጀምሮም 9ኛውና 10ኛው ፈረሰኛ ጦር የሚባሉ የጥቁሮች ክፍለ ጦሮች ያንን አገር በፈረስ ሲያስሱ ኖረዋል። ከብቱን የነዳው፣ ፈረሱን የገራው፣ ምሽጉን የጠበቀው ጥቁር ሰው ግን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ተፍቋል።

በጃንዋሪ 1961 «ሮሃይድ» አንድ ክፍል ለጥቁር ፈረሰኛ ወታደር ሰጠ። ያንን ወታደር የተጫወተው ዉዲ ስትሮድ ነው። በዚያው ዓመት በዚያው ድራማ ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ግን የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪ ሆኖ! በፊልም ኮማንቼ ሆነ፣ ሞንጎል ሆነ፣ በ1965 በጄንጊስ ካን ፊልም ውስጥ አንደበት የሌለው ተዋጊ ሆነ። ቆዳው ጥቁር፣ አጥንተ ሰፊ ከሆነ የየትም አገር ሰው ያደርጉታል። ይህ በደል ነው፤ በደል መሆኑን ሳንሸፋፍን እንናገር። እሱ ግን ከየትም አገር ቢሉት የዚያን ሰው ክብር ይዞ ነበር የሚገባው።

የሱ ዓመት 1960 ነው። በዚያ ዓመት የወጡ ሁለት ፊልሞች አሉ፤ ጊዜ ሰጥቼ ልንገራችሁ።

አንደኛው «ስፓርታከስ» ነው። ዉዲ ድራባ የሚባል ጥቁር ግላዲያተር ነው። የፊልሙ ዋና ሰው ስፓርታከስ ሊተዋወቀው ስሙን ሲጠይቀው አይነግረውም። ነገ ልገድልህ እችላለሁና ወዳጅነት ይቅርብን የሚል ሐሳብ ነው የሚመልስለት። ከዚያ ከሮም የመጡ ባለጸጎች እንዲዝናኑ ሁለቱ እንዲጋደሉ ይታዘዛል። ከመውጣታቸው በፊት በጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አይነገርም። ዉዲ ዓይኑን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የቴአትር ተማሪዎች፣ ያቺን ትዕይንት ደጋግማችሁ እዩልኝ፤ ሰው ሊገድል የማይፈልግ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል እዚያ አለ። ይጋጠማሉ፤ ድራባ ባለ ሦስት ጣት ጦሩንና መረቡን ይዞ ያሸንፋል። ስፓርታከስን አንገቱ ላይ ደግኖበት ሳለ ከላይ ግደለው የሚል ምልክት ይሰጠዋል። አይገድለውም። ጦሩን ወደ ባለጸጎቹ ሰገነት ይወረውርና ራሱም ወደ እነሱ ይንጠላጠላል። ከኋላው በጦር ይወጉታል፣ ከላይ ደግሞ በሴንጢ ይጨርሱታል። ሬሳውን ለሌሎቹ መቀጣጫ ዘቅዝቀው ይሰቅሉታል። የባሮቹ አመፅ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ፊልም ውስጥ የዉዲ ድርሻ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ያለ ድራባ ሞት ስፓርታከስ የሚባል ታሪክ የለም። ለዚህ ሥራው ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጭቷል።

ሁለተኛው «ሰርጀንት ረትሌጅ» ነው። አዘጋጁ ጆን ፎርድ ነበር፤ የካውቦይ ፊልም አባት ቢባል የሚያንስበት ሰው። ታሪኩ የ9ኛው ፈረሰኛ ጦር ጥቁር ሃምሳ አለቃ አንዲት ነጭ ልጃገረድ ደፈረ፣ ገደለ፣ አባቷንም ገደለ ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ሲከሰስ የሚሆነውን ይናገራል። ለቦታው ዝነኛ ጥቁር ተዋንያን ታስበው ነበር፤ ፎርድ ግን በዉዲ ጸና። ረትሌጅ እስረኛ ሆኖ ሳለ ያመልጣል። ነጻነቱ ከፊቱ ነው። ነገር ግን ጓደኞቹ ወታደሮች የማያውቁት ጥቃት እንዳደፈጠባቸው ያያል። ፈረሱን መልሶ፣ የፔኮስን ወንዝ እየሰነጠቀ ሊያስጠነቅቃቸው ይጋልባል፤ ወደ ካቴናው፣ ወደ ገመዱ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ዉዲ ከሁሉ በላይ የሚኮራው በዚያች ግልቢያ ነበር። ጥቁር ሰው በፈረስ ላይ ሆኖ፣ ጀግና ሆኖ፣ ካሜራው እንደ ነጮቹ ጀግኖች ከታች ወደ ላይ ሲያየው ከዚያ በፊት በትልልቆቹ የሆሊውድ ፊልሞች እምብዛም አልታየም ነበርና።

ፊልሙ ፍጹም ነው አልላችሁም። ታሪኩ የጥቁሩ ሰው ሆኖ ሳለ በማስታወቂያው ላይ ስሙ ከነጭ ተዋንያኑ በታች ነው የተጻፈው፤ ጠበቃውና ፍቅረኛው ብዙውን ጊዜ ወስደውበታል። ቢሆንም ፈረሱ ላይ የተቀመጠበትን አቀማመጥ ማንም ሊቀማው አልቻለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፎርድ በ«ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» ውስጥ ፖምፒ የሚባል ሎሌ አደረገው። ከጀግና ወደ ሎሌ። እዚያ ውስጥ አንዲት የመማሪያ ክፍል ትዕይንት አለች። ፖምፒ ሸምግሎ ፊደል ሊማር ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጧል፤ ከጀርባው የሊንከን ሥዕል ተሰቅሏል። መምህሩ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ በቃሉ እንዲል ሲያስነሣው ጀምሮ ያቆማል። ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን የሚናገረው ቦታ ላይ ሲደርስ ይጠፋዋል። መምህሩም፣ ያንን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው ብሎ ያጽናናዋል። ዉዲ በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ኃፍረት የአላዋቂ ኃፍረት አይደለም። የሚያውቀውን ነገር አገሩ ራሷ የረሳችበት ሰው ኃፍረት ነው። አንድ ተዋናይ ሎሌ ሁን ቢባል ምን ማድረግ ይችላል ለምትሉ፣ መልሱ እዚያች ክፍል ውስጥ አለ።

ፎርድና ዉዲ እንደ አባትና ልጅ ሆኑ። በ1973 ፎርድ ሲሞት ዉዲ አልጋው አጠገብ ነበር።

በ1966 «ዘ ፕሮፌሽናልስ» በተባለው ፊልም ከበርት ላንካስተርና ከሊ ማርቪን ጋር፣ ከአራቱ ጀግኖች አንዱ ሆኖ፣ ቀስት ይዞ ተሠለፈ። በአሜሪካ ካገኛቸው ትልልቅ ቦታዎች አንዱ ያ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ እንደተጠበቀው አልጮኸም፤ ኢጣሊያኖች ግን ፈለጉት።

በ1968 ኢጣሊያዊው አዘጋጅ ሰርጆ ሌዎኔ «አንድ ጊዜ በምዕራብ» ብለን ልንጠራው ለምንችለው ፊልም መክፈቻ ጠራው። በደቡብ ስፔን በረሃ ውስጥ ያለ የባቡር ጣቢያ ነው። ሦስት ሽፍቶች ባቡር ይጠብቃሉ። ሙዚቃ የለም። የነፋስ መዘውር ሲንቋረር ይሰማል፤ ከሦስቱ በአንዱ ፊት ላይ ዝንብ ታርፋለች፤ ሌላው ጣቱን ያንቋቋል። ዉዲ ከውኃ ታንከር ሥር ቆሟል። ከላይ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ በተላጨ ራሱ ላይ ይወድቃል። ቦታውን ግን አይለቅም። ቀስ ብሎ ባርኔጣውን ይደፋል። አሁን ውኃው ባርኔጣው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ደቂቃዎች ይነጉዳሉ። ባቡሩ ሲመጣ ባርኔጣውን አወለቀና በጠርዙ የተጠራቀመውን ውኃ ጠጣው። ከዚያ ጠመንጃውን አነሣ። ጥቂት ቆይቶ ሦስቱም ይሞታሉ። ይኸው ነው። በፊልሙ ውስጥ ሌላ ቦታ የለውም፤ አንድም ቃል አይናገርም። ፊልሙን ካዩ ሰዎች ታሪኩን የረሱ እንኳ ያቺን ባርኔጣ አይረሷትም።

በዚያው ዓመት ቫሌሪዮ ዙርሊኒ የተባለ ኢጣሊያዊ አዘጋጅ የዋናውን ሰው ቦታ ሰጠው። በ1961 በግፍ የተገደለውን የኮንጎውን መሪ ፓትሪስ ሉሙምባን የሚያስታውስ የአፍሪካ የነጻነት ታጋይ ሆኖ ሠራ። ደሴን በቦምብ ከመታችው አገር፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የአፍሪካን ሰማዕት ታሪክ የሚናገር ፊልም ወጣ፤ ሰማዕቱን ሆኖ የታየውም በአንድ ወቅት የኢትዮጵያ ንጉሥ የነበረው ተዋናይ ነው። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይክሳል።

በ1970ዎቹ ብዙ ሠራ፤ ጥሩውንም መናኛውንም። አርጅቶ እስከ 80 ዓመቱ ድረስ ፈረስና ካሜራ አልተለየውም። በ1993 ስለ ጥቁር ካውቦዮች በተሠራው «ፖሲ» ውስጥ ታሪኩን የሚተርከው ሽማግሌ እሱ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 1994 በሳንባ ካንሰር ዐረፈ። የመጨረሻ ፊልሙ «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» ከሞቱ በኋላ ወጥቶ ለመታሰቢያው ተሰጠ። ልጆቻችሁ የሚወዱት «ቶይ ስቶሪ» የሚባል የካርቱን ፊልም አለ፤ እዚያ ውስጥ ያለው ዉዲ የተባለው ካውቦይ አሻንጉሊት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

አሁን ወደኛ ልምጣ።

ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የምዕራቡ ፊልም በከተሞቻችን ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ሥር ሰዶ ነበር። የራሳችን ሰዎችም ወደዚያ መስኮት ለመግባት ሞክረዋል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ደበበ እሸቱ ነው። በ1973 የወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም በከፊል የተቀረጸው በአገራችን ሲሆን፣ ደበበ ዋሳ የሚባለውን ሰው ሆኖ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ሠርቷል። የፊልሙ ታሪክ ምን መሰላችሁ? ደላሎች የአፍሪካን ወጣቶች ሥራ እናስገባችሁ ብለው ወደ አውሮፓ እየወሰዱ ባሪያ ሲያደርጓቸው ነው። ከዚህ ወረዳ ስንቱ ወጣት በጂቡቲና በየመን በኩል ወደ ዓረብ አገር እንደወጣ፣ ስንቱስ በመንገድ እንደቀረ የምታውቁ እናቶች እዚህ ተቀምጣችኋል። ያንን ታሪክ ከሃምሳ ዓመት በፊት ሌላ ሰው መጥቶ በኛው መሬት ላይ ቀረጸው። የኛ ሰው በውስጡ የነበረው ግን አጃቢ ሆኖ ነው።

ደበበ ዋናውን ሰው ሆኖ በዓለም አቀፍ ፊልም ለመታየት እስከ እርጅናው ጠበቀ። በ2014 በወጣው «ቀይ ቅጠሎች» ውስጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት የሚዞር፣ በእስራኤል የሚኖር ኢትዮጵያዊ አባት ሆነ። አዘጋጁ ባዚ ጌቴም ቤተ እስራኤል ነው። ዕድሉ የመጣው ቤቱን የሚያውቅ ሰው ካሜራውን ሲይዝ ነው።

እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው። ዉዲ ስትሮድ የፈለገውን ያህል ታላቅ ቢሆን፣ ታሪኩን የሚጽፈውና ካሜራውን የሚይዘው ሌላ ሰው ስለነበር፣ ንጉሥ የሆነው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ተሰጥኦ ብቻውን አልበቃውም። ካሜራው በእጃችን እስካልገባ ድረስ የኛም ልጆች፣ የቱን ያህል ቢያምሩ፣ ከኋላ ጦር ይዘው ይቆማሉ።

የሚቀረጽ ነገር ደግሞ አላጣንም። ዓለም አምባሰልን በጆሮው ያውቀዋል፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህ ተራራ ስም ይጠራል፣ ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሰ ድምፁን ባሕር አሻግራዋለች። በዓይኑ ግን አያውቀውም። ጆን ፎርድ ሞኑመንት ቫሊ የሚባል የናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ ከ1939 ጀምሮ ደጋግሞ ፊልም ሠራ፤ ዛሬ ያ ገደል ለመላው ዓለም «ካውቦይ» ማለት ሆኗል። የግሸንን አምባ በመስከረም 21 የወጣ ሰው፣ ከዚያ ገደል አፋፍ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ይህ ከዚያ የሚያንስ ቦታ አይደለም ቢል ማን ይከራከረዋል? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ ነው፤ አንድ አንቀጹ ነው አድዋን ያመጣው። አድዋ ላይም የወሎን ፈረሰኛ መርተው የዘመቱት ራስ ሚካኤል ናቸው፤ በኋላ ንጉሥ የሆኑት፣ የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ። ኮርቻው፣ እርካቡ፣ ግላሱ፣ የጥምቀቱ ጉግስ፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ሠርግ ላይ የሚጋለበው ፈረስ፣ ይህ ሁሉ በሚገባው ልክ ፊልም አልሆነም። የኛ ፈረሰኛ እንደ ጥቁሩ ካውቦይ ከመስኮቱ ላይ የተፋቀ አይደለም፤ ገና ጭራሹን አልተሣለም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ተዋናይ ልሁን ሲል አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ ብላችሁ አታሳፍሩት። ዉዲ ስትሮድ ሁለት ልጆች ያሳደገው፣ ስሙን ከመቃብር በላይ ያስቀረው በዚህ ሙያ ነው። ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ግን ጠብቁት፤ ዉዲም ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ነበር።

እናንተ ወጣቶች፣ አዲስ አበባ ሄጄ ካልተቀጠርኩ፣ ትልቅ ካሜራ ካላገኘሁ አትበሉ። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ለመጀመሪያው ሥራ ይበቃል። በመጪው ጥምቀት ጉግስ የሚጫወቱትን ሽማግሌዎች ቅረጹ። ከበዓሉ በፊት ግን ቤታቸው ሂዱና ፈረስ እንዴት እንደሚገራ፣ ልጓም እንዴት እንደሚያዝ፣ የፈረስ ስም እንዴት እንደሚወጣ ጠይቋቸው። ኮርቻ የሚሠራ ባለሙያ በቀበሌያችሁ ካለ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንሡት። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ የቀረጻችሁበትን ቀን ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ። ፊልሙን በኋላ ትጽፉታላችሁ፤ ሰዎቹ ግን አርጅተዋል።

ፈረስ የጋለባችሁ አባቶችም፣ እነዚህ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ደጃችሁ ሲመጡ ዛሬ አይመቸኝም ብላችሁ አትመልሷቸው። አስገብታችሁ ንገሯቸው።